ከዘጠነኛው ጥምዝ በላይ

ሥራዬ ላሞችን ማዳቀል ነው። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ረጅምና የተከበረ ነው፤ ተራራው ላይ ያሉት ሕፃናት ግን የሞተሬን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ «ኮርማዋ መጣች!» እያሉ ነው የሚሮጡት። ድሮ ይከፋኝ ነበር። አሁን እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። ከኋላዬ ፈሳሽ ናይትሮጅን የተሞላ፣ የወተት ቢዶን የሚመስል ዕቃ ታስሮ፣ ውስጡ የስንት ኮርማ ዘር ቀዝቅዞ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት በኪሴ ይዤ ስደርስ ሌላ ምን ይበሉኝ?

የዚህ ሥራ ጣጣው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ድራት የታየባት፣ ማለትም ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት። ካለፈ አለፈ፤ ሃያ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ላም ደግሞ ሰበብ አትሰማም። «መንገድ ላይ ሞተር አስቸግሮኝ ነው» ብትላት ጀርባዋን ሰጥታህ ሣሯን ትበላለች።

ተራራው ጫፍ ላይ አንዲት ላም ብቻ ያለቻቸው እናት አሉ። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚያች ላም ወተት ነው። ላሟ ሁለት ጊዜ ወልዳላቸዋለች፤ ሁለተኛው ጥጃ አድጎ ኮርማ ሆነ፣ የመንደሩም ብቸኛ ኮርማ እሱ ነው። እንግዲህ ላሟን ለመንደሩ ኮርማ ስጡ ማለት እናትን ለልጇ ዳሩ ማለት ነው። እማማ «ለከብትም ቢሆን ነውር አለው» ብለው እኔን መጥራት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። ሁለት ጊዜ አልደረስኩም።

የሉካንዳው ባለቤት ይሄን ሰምቶ አጥራቸው ሥር መመላለስ ጀምሯል። መካን ናት፣ ሳትከሳ ስጡኝ ይላቸዋል። «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ» አሉኝ እማማ በስልክ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «ልጄ፣ አንቺን መውቀሴ አይደለም። ግን ሦስተኛው ካልሆነ እሰጠዋለሁ። የማትታለብ ከብት መቀለብ አልቻልኩም።» ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሳቸው ትዕግስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ያልደረስኩት በሞተሬ ምክንያት ነው። ሞተሬ የተበላሸችው ደግሞ በወንድሜ ምክንያት ነው። ወንድሜ የነካካት በኔ ምክንያት ነው። እንግዲህ ማንን ልክሰስ?

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የድሮዋ ሞተሬ ካርቡራተር ነበራት። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተር ግን ይሄን የሚያውቅበት ነገር የለውም፣ ታች የሚያፈሰውን ቤንዚን ላይም ያፈሳል። ሞተሯ ትሰክራለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትሞታለች። ወንድሜ ለዚህ መላ ነበረው። ቤንዚን የምታሾልከዋን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች ይቀይርልኛል። ጠባቧን በክብሪት ቀፎ አድርጌ እይዝና ተራራው ግርጌ ስደርስ ቀይሬ እወጣለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ሰፊዋን አስገብቼ እገባለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ አዲሷ ሞተር ግን ኢንጀክሽን ናት። ትንሽ ኮምፒውተር አላት፤ አየሩ ሲሳሳ ራሷ አውቃ ቤንዚኑን ትቀንሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት የተራራውን መንገድ አሥራ አራቱንም ጥምዝ ሳትንተፋተፍ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስል ወጣች። ብቻ ታች የነበራት ጉልበት ላይ አልነበራትም። በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለች ያልኩትን ዳገት በሁለተኛ ወጣችው። ይኸው ነው ጥፋቷ። እኔም አፌን በቆረጠውና ይህን ለወንድሜ ነገርኩት።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ። ሰፈሩ ግን «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ «አላውቅም» ሲል የሰማው ሰው ስለሌለ። ሞተሯን አንድ ቀን አሳደራትና «ታክማለች» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዘጠነኛው ጥምዝ በላይ አልወጣችም። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ትታፈናለች፣ ጭሷ ይጠቁራል፣ ቀጥ ትላለች። እኔም ቢዶኔን ይዤ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሰዓቴን እያየሁ የእማማን ላም ሰዓት አሳልፋለሁ።

ሦስት ጊዜ መለስኩለት። መጀመሪያ ካንዴላዋን ቀየረ። ቀጥሎ «በደንብ ትተንፍስ» ብሎ የአየር ፊልትሮዋን አወጣ፤ አቧራ ትበላለች ብዬ ተጣልቼ አስመለስኩ። በሦስተኛው ቤንዚኑን ገልብጦ ሌላ ሞላ። በየጊዜው ጋራዡ በር ላይ ያስነሳታል፣ ድምጿ ኩልል ይላል፣ እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየኛል።

«ይኸው! ምን ሆነች?»

«እዚህማ ምንም አልሆነችም ጋሼ። እዚያ ላይ ነው የምትታመመው።»

«እዚህ ደህና ከሆነች እዚያም ደህና ናት። ሞተር ሞተር ነው። ቤንዚን፣ አየር፣ እሳት። የቀረው የነጋዴ ወሬ ነው።»

«እሺ፣ አብረን እንውጣና በዓይንህ እየው።»

«ሐኪም ወደ በሽተኛ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ።»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም» አለኝ። «አንቺ ኮርማ ነሽ።»

ጨጓራዬን ላጠው። ሆኖም ወንድም ነው፣ አይሸጥ አይለወጥ።

የላሟ ሦስተኛ ሃያ አንድ ቀን ሲቃረብ የሞተሯን መጽሐፍ ላየው ብዬ ወደ መሥሪያ ቤቴ ንብረት ክፍል ሄድኩ። እንዲህ ያለች ሞተር ያለ መጽሐፍ አትመጣም። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠኝና መጽሐፉ የንብረት ቁጥር ስላለው አይወጣም አለኝ።

«ለምን?»

«ሊጠፋ ይችላል። ከጠፋ ሞተሯ መጽሐፍ የላትም ማለት ነው።»

«አሁንስ አላት?»

«አላት። ቁም ሳጥን ውስጥ።»

ራሴን ይዤ ቆምኩ። የኃላፊው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ ጠብቄ፣ ከመኪናው ሳይወርድ አስፈረምኩትና መጽሐፉን ለመውሰድ ቀረብኩ። ሰውዬው እጄን እንድታጠብ አዘዘኝ፤ ታጠብኩ። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው።

«ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ትጮሃለች ልጄ። አጥሩን ልትጥለው ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል። ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ አሥር ሰዓት መድረስ አለብኝ። መጽሐፉን በጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ቢዶኑን አስሬ፣ ታች ሰፈር ያሉትን ሁለት ላሞች እግረ መንገዴን ጨርሼ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳሁ። ወንድሜ በጀርባው ተንጋሎ አንድ ባጃጅ ሥር ገብቷል። እግሩን ያዝኩት።

«ውጣ። ትሄዳለህ።»

«የት?»

«ተራራው ላይ። ላሟ ዛሬ ካልተዳቀለች ትታረዳለች። በማን ምክንያት እንደምትታረድ እማማ ፊት ቆመህ አንተው ትነግራቸዋለህ። እኔ አፍ የለኝም።»

ከባጃጁ ሥር ቁልፉን መሬት ላይ ሲጥል ሰማሁ። ከዚያ ወጣ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ብቻ ካቻቢቴውን በኪሱ ከትቶ ከኋላዬ ወጣ። ከባድ ሰው ነው። እሱ ቢዶኑን ታቅፎ፣ እኔ መሪው ላይ ተጣብቄ ጉዞ ጀመርን።

እስከ ስድስተኛው ጥምዝ ድረስ ጆሮዬ ሥር ያስተምረኛል። ማርሽ ቶሎ ትቀይሪያለሽ፣ ፍሬን ታበዣለሽ። ሰባተኛው ላይ ድምፁ ቀነሰ። ስምንተኛው ላይ ዝም አለ። ዘጠነኛው ላይ እንደ ልማዷ ታፈነች፤ ሁለቴ ተንተፋትፋ፣ ጥቁር ጭሷን ለቃ ቀጥ አለች። ወረድን። «ይኸው ሐኪሙ፣ ይኸው በሽተኛዋ» አልኩት።

ወንድሜ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያለከልካል። ወደ ተራራው ከወጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ።

«አየሩ የታለ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ እሷም የምትለው ይሄንኑ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ልስቅ ነበር፤ ሰዓቴ ግን ስምንት ተኩል ይላል፣ ንዴቴ ሳቄን ቀደመው። መጽሐፉን ከላስቲኩ አወጣሁ። «መጽሐፍ ብሎን አይፈታም» ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኔን አይቶ ተወው። ጽሑፉ የማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን ግልጽ ናቸው። ገጽ በገጽ አገላበጥን። ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ባትሪ። ከዚያ አንድ ሥዕል መጣ። ከመቀመጫው ሥር ያለች አንዲት ጥቁር ሳጥን፣ ጎኗ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ፣ ቀዳዳዋን ሊደፍን የተዘረጋ ጣት፣ ጣቱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት።

እኔ ገጹን ልገልጥ ስል ወንድሜ እጄን ያዘው። ሥዕሉን አየ። ደግሞ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ይቺን ቀዳዳ ደፍኛታለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«በሲሊኮን። መጀመሪያ ያመጣሻት ቀን።»

«ለምን?»

«ክፍት ነበረቻ! ክረምት እየመጣ፣ ክፍት ቀዳዳ አይቼ ዝም ልበል? ውሃ ገብቶባት መንገድ ላይ ብትቀሪስ?»

እንግዲህ ወንድሜ ይህ ነው። ከክረምት በፊት እጁ የገባ ሞተር ሁሉ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የሽቦው መግቢያ፣ የመብራቱ ሥር፣ ያገኘው ሁሉ። ለደንበኛ ሳይነግር፣ ሳያስከፍል ነው የሚያደርገው፤ ያለሱ ሥራው ሥራ አይመስለውም። ኮምፒውተሯ ግን የአየሩን ክብደት የምትለካው በዚያች ቀዳዳ ነበር። እሱ ሲደፍናት የታችኛው አየር ውስጧ ታሽጎ ቀረ። ተራራ ወጣን፣ ደመና ነካን፣ እሷ አሁንም ጋራዡ በር ላይ የቆመች እየመሰላት ቤንዚኑን ትለቀዋለች። ዳሽቦርዷ ላይ የብልሽት መብራት ያልበራውም ለዚህ ነው። የተበላሸ ዕቃ አልነበራትም። የተነገራትን አምና ነው።

ልጮህበት አየር ሳብኩ፤ የምስበው አየርም አነሰኝ። ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ዳር ያስቀመጠኝ፣ እማማ ፊት ያሳፈረኝ፣ እንቅልፍ የነሳኝ የሱ ደግነት ነው። ክፋት ቢሆን ምን እንደምለው አውቅ ነበር።

መቀመጫውን በካቻቢቴው ፈታ። የፀጉር መያዣዬን ነቅዬ ሰጠሁትና ሲሊኮኑን ቀስ እያለ ጎርጉሮ አወጣው። ቁልፉን አዞርኩ፣ አስነሳሁ። ትንሽ ተንተፋተፈች፣ ከዚያ ጭሷ ጠራ፣ ድምጿ ኩልል አለ፤ እዚያው፣ ዘጠነኛው ጥምዝ ላይ።

«ይኸው!» አለ ወንድሜ። ያቺን «ይኸው» ስጠላት፤ ያን ጊዜ ግን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አሥረኛውን አለፍን። አሥራ አንደኛውን በሁለተኛ ማርሽ አለፍን። አሥራ ሁለተኛው ዳገቱ ቁልቁል ሊጥል የሚደርስ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤም፣ ሁለታችንን አልቻለችም። አልታፈነችም፣ ጭስም አላወጣችም። ብቻ ቀስ፣ ቀስ ብላ ቆመች። ወንድሜ ወዲያው ወርዶ የፊልትሮዋን ክዳን ያዘ።

«ጋሼ፣ እጅህን አንሳ።»

«ጉልበት አጥታለች እኮ! ትንሽ አየር ቢጨመርላት...»

«ከየት አምጥተህ ነው የምትጨምርላት? ያለው አየር ይሄው ነው። እሷ መኖር አለመኖሩን ታውቃለች እንጂ አትፈጥረውም። ደህና ናት። አልታመመችም። ከመጀመሪያውም አልታመመችም!»

የመጨረሻውን ቃል ስናገር ድምፄ ተሰበረ። እሱም እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳ። እያለከለከ ሞተሯን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«ለብቻሽ ትወጣለች?»

«ትወጣለች።»

«በይ ሂጂ።»

«አንተስ? ጉልበትህን ያምሃል፣ ከዚህ ታች ድረስ...»

«እኔ እዚያ ደርሼ ለላሟ ምን ልሠራላት ነው?» አለኝ። «ሂጂ አልኩሽ።»

ሄድኩ። ቀልላ ወጣች፤ በዝግታ፣ ሳታማርር። እማማ ደጃፋቸው ላይ ገመዱን ይዘው ቆመዋል። የሉካንዳው ሰውዬ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ለነገ ጠዋት ቢቀጥሩት ዛሬ መጥቶ ነው። ማንንም ሰላም ሳልል ጓንቴን አጠለቅኩ። ላሟ ድራቷ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ግን አላለፈም። ዘሩን ከቢዶኑ አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ አሟሟሁት። እማማ ቀንዷን ይዘው በጆሮዋ የሆነ ነገር ያወሯታል። ሥራው ራሱ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ ነው ሁለት ወር የነደድኩት።

ስጨርስ ለእማማ ነገርኳቸው። በሃያ አንደኛው ቀን ዳግመኛ ከጮኸች አልያዘም ማለት ነው፣ ይደውሉልኝ። ዝም ካለች ይዟል፤ ምንም ካልታየ አይደውሉ። የሉካንዳው ሰውዬም ሰማ። «ሃያ አንድ ቀን እጠብቃለሁ» አለና ከአጥሩ ተላቀቀ።

ስመለስ ወንድሜን ሰባተኛው ጥምዝ ላይ ደረስኩበት፤ እያነከሰ ይወርዳል። «ደረስሽ?» አለኝ። «ደረስኩ» አልኩት። ከኋላዬ ተቀመጠ፤ እስከ ታች ድረስ ስለ ማርሽም ስለ ፍሬንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት የባሰ ነበር። ወንድሜ በየጠዋቱ «ስንተኛ ቀን ነው?» ይለኛል። አንድ ደንበኛ ኢንጀክሽን ሞተሩን እየገፋ መጥቶ ምን እንደሆነች ሲጠይቀው፣ ወንድሜ ዞር ዞር ብሎ አያትና «አላውቅም፤ መጽሐፏን አምጣልኝ» አለው። ሰውዬው ወደኔ መጥቶ «ፕሮፌሰር አሞታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሃያ አንደኛው ቀን መጣ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ የሌሎች ላሞች ናቸው። ሃያ ሁለተኛው ቀን አለፈ። በሃያ ሦስተኛው ጋራዡ ውስጥ ሰንሰለት እያስወጠርኩ ስልኬ ጮኸ። የእማማ ቁጥር ነው። ወንድሜ ቁልፉን ከእጁ አስቀመጠ። ስልኩን በእጄ ይዤ ቁጥሩን አየዋለሁ።

«አንሺው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እማማ፣ ጮኸች?»

«ኧረ ምንም አልጮኸች። ሣሯን ትበላለች።»

ንዴቴ ሁሉ አናቴ ላይ ወጣ። «ታዲያ ለምን ደወሉ? ምንም ካልታየ አይደውሉ አላልኩዎትም?»

«ብለሽኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን፣ ያቺ ልጅ ስልኳን እያየች እህል አይወርድላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዝም ማለቷን ልንገርሽ ብዬ ነው። የሉካንዳው ሰውዬ ትናንት መጥቶ አይቷት ሄደ።»

ልመልስላቸው ስል እንባዬ መጣ። ወንድሜ የምቆጣበትን ቃል ሳይሆን እንባዬን አየና ላሟ የጮኸች መሰለው። ከአንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከቶ «እኔ ነኝ» አለ፤ «እማማን ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

መናገር ስላልቻልኩ ስልኩን ሰጠሁት። በዚያ ዘይት በነካው እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው። እማማ የሚሉትን ሰማ። ደረቱ ወጣ ገባ ይላል፣ እዚያ ተራራው ላይ እንዳለከለከው። የማንንም ምክር ሰምቶ የማያውቀው ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ፦

«እናቴ» አላቸው፣ «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።»